የኪኒን ቅርጫ

የአያ ታረቀኝ የደም ግፊት አልወርድም አለ። ኪኒን ታዘዘላቸው፣ አልወረደም። ኪኒኑ ተጨመረላቸው፣ አልወረደም። ሌላ ዓይነት ተደረበበት፣ ጭራሽ እልኸኛ ሆነና ካለበት ንቅንቅ አልል አለ። ሲስተር ዮርዳኖስ መጀመሪያ የጠረጠረችው መለኪያውን ነው። በራሷ ክንድ ላይ አስራ ሞከረችው፤ ደኅና ነው። የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አቶ ስሜነህን እጅጌውን አስጠቅልላ ለካችው፤ እሱም ደኅና ነው። እንግዲህ እምቢ ያለው የአያ ታረቀኝ ክንድ ብቻ ሆነ።

ዮርዳኖስ ደግሞ ያልገባትን ነገር ትታ የምትተኛ ሰው አይደለችም። ቆቦ ከተማ በአባቷ በተስፋይ የእህል መደብር ስታድግ፣ ማሽላ ጭኖ የመጣውን ገበሬ ሁሉ «የግመልህ ስም ማነው? ለምን ያነክሳል? ድሮም ያነክስ ነበር?» እያለች ስታደርቅ ነው የኖረችው። እናቷ «ይቺን ያገባ ሰው መልስ አልቆበት ነው የሚሞተው» ትል ነበር። ሰውየው እስካሁን አልመጣም። ጥያቄዋን ግን ነርስ ሆና፣ ከሮቢት አስፋልት ወረድ ብሎ ማሽላው መሀል ወዳለው ጤና ጣቢያ ስትመደብም ይዛው መጣች።

አያ ታረቀኝ ሰባ አምስትም ሰማንያም ይሆናሉ። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «በንጉሡ ጊዜ ጎረምሳ ነበርኩ» ብለው ያልፋሉ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ዱላቸውን ከመመርኮዝ ይልቅ ትከሻቸው ላይ ማጋደም የሚወዱ ሰው ናቸው። በቀጠሯቸው ቀን ፀሐይ ሳይበረታ ከመንደራቸው ተነስተው በእግራቸው ይደርሳሉ፤ ቀርተውም አያውቁም። ዮርዳኖስን የሚያበግናት ይኸው ነበር። ቀጠሮ የሚያከብር፣ ኪኒኑን አመስግኖ የሚቀበል፣ ምክር የሚሰማ በሽተኛ እንዴት አይሻለውም?

ኅዳር ላይ፣ ማሽላው ራሱን ከብዶት ባጎነበሰበት ሰሞን፣ እንደልማዳቸው መጡ። ለካቻቸው። ያው ነው።

«አያ ታረቀኝ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ኪኒኑን ይውጡታል?»

«እውጠዋለሁ እንጂ! ምን ላደርገው ኖሯል፣ ለዶሮ ልበትነው?»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ሁሉንም?»

«የደረሰኝን ሁሉ።»

ዮርዳኖስ መልሱ ትንሽ ጎረበጣት፤ ምኑ እንደጎረበጣት ግን አላወቀችውም። ወደ ስሜነህ ቢሮ ገባች። ስሜነህ የጎጃም ሰው ነው፤ የቆላውን ሙቀት ካልለመዱት አንዱ ስለሆነ ሁልጊዜ ፎጣ አንገቱ ላይ አለ።

«ይረሱታላ» አላት። «ሽማግሌ አይደሉ?»

«ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሰው ኪኒን ይረሳሉ?»

«እንግዲያው የዛሬውን በፊትሽ አስውጫቸውና ቆይተሽ ለኪያቸው። እምቢ ካለ ወደ ሆስፒታል እንልካቸዋለን። ግፊቱ እንዲህ ሆኖ ከከረመ አንድ ቀን ግማሽ ጎናቸውን ይወስደዋል፤ ወይም ጨርሶ ይዟቸው ይሄዳል።»

ይህን ዮርዳኖስም ታውቃለች። ሰውየው ዓይኗ እያየ ሊሞቱባት ነው፣ እሷ ደግሞ ለምን እንደሆነ አታውቅም። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንዳናደዳት ብትጠየቅ ደፍራ ባልተናገረችው ነበር። ተመልሳ የዕለቱን ኪኒን፣ ሁለቱንም ዓይነት፣ በመዳፋቸው አስቀመጠችና ውሃ ሰጠቻቸው።

አያ ታረቀኝ ኪኒኑን አዩት። በሩን አዩት። እንደገና ኪኒኑን አዩት።

«ባንድ ጊዜ? ሁሉንም?»

«የእርስዎ አይደለም እንዴ?»

ይሉኝታ የማያስውጠው ነገር የለም። አያ ታረቀኝ በስመ አብ ብለው ዋጡት። ዮርዳኖስም ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸውና ወደ ሌላ ሥራዋ ገባች።

እኩለ ቀን ላይ አያ ታረቀኝ ውሃ ሊጠጡ ከአግዳሚው ብድግ አሉ። ሁለት እርምጃ አልሄዱም። ጩኸቱን ሰምታ ስትሮጥ አፈር ላይ ተዘርግተው አገኘቻቸው፤ ላብ አጥምቋቸዋል፣ ከንፈራቸው ነጥቷል። ግፊታቸው በመለኪያው እስኪጠፋ ድረስ ወርዷል። ዮርዳኖስ እግራቸውን አግዳሚው ላይ ሰቅላ ግሉኮስ አያያዘችላቸው። ሰው የገደለች መሰላት። ወራት ሙሉ እምቢ ያለ ግፊት በአንድ ጠዋት እንዴት እንዲህ ተናደ? ኪኒኑ የማይሠራ ከሆነ ዛሬ ምን ነክቶት ሠራ? እየፈራችም እየጠየቀች ነበር፤ ተፈጥሮዋ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ዓይናቸውን ገለጡ። የመጀመሪያ ቃላቸው ውሃ አልነበረም፣ እግዚአብሔርም አልነበረም።

«ውይ ጉዴ» አሉ። «መደባቸውን በላሁባቸው።»

«የማንን መደብ?»

አያ ታረቀኝ ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ። «ዝም ብዬ ነው። የወደቀ ሽማግሌ የማይለው የለም።»

መደብ ማለት የቅርጫ ድርሻ ነው፤ ይህን ቆላውም ደጋውም ያውቃል። ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፣ ይታረዳል፣ ሥጋው እኩል እኩል ይመደብና በዕጣ ይወሰዳል። ነገር ግን በዓልም የለ፣ በሬም የለ፤ ደግሞም አያ ታረቀኝ ከማለዳ ጀምሮ ከአራት ኪኒን በቀር የበሉት ነገር የለም። ዮርዳኖስ ነገሩ ወለል አላለላትም፤ ግን ጠረኑ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ።

ሻል ሲላቸው ቤት ላድርሳቸው ብላ የአምቡላንሱን ሾፌር ለመነችው። «ለወላድ ናት፤ ለሽማግሌ አስነሳኋት ብዬ ምን ልበል?» አላት፤ ደንቡም እንደዚያው ነው። ስሜነህ «ባጃጅ ያዢና ሂጂ፤ ነገሩን ካላወቅሽው እኛንም አታስቀምጪን» ብሎ ፈቀደላት። መለኪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አያ ታረቀኝ መንገዱን ሙሉ «አብሽሪ ልጄ፣ እኔ ብቻዬን እገባ ነበር፤ ከዚሁ ከጥጉ አውርጅኝ» ሲሉ፣ እሷ ደግሞ «ቤትዎን ማየት እፈልጋለሁ» ስትል ደረሱ።

መንደሩ በሜዳው ጠርዝ፣ ከደረቁ ወንዝ ዳር ነው። ዮርዳኖስ የቀበሌውን ቤቶች በደንብ እንደምታውቅ ታስብ ነበር፤ እርጉዝ ያለችበትን ደጅ፣ ክትባት ያልጨረሰ ሕፃን ያለበትን ደጅ ሁሉ ረግጣዋለች። እዚህ ግን መጥታ አታውቅም። ለምን እንደሆነ ከባጃጁ ስትወርድ ገባት። እዚህ እርጉዝ የለችም፣ ሕፃንም የለም። የመንደሩ ወጣት ግማሹ ሳዑዲ ነው፣ ግማሹ ወደ ሳዑዲ መንገድ ላይ ነው፤ በየደጁ የተቀመጡት ሽማግሌና አሮጊት ብቻ ናቸው። ጤና ጣቢያው ሰው የሚቆጥረው ከማህፀን ጀምሮ ነበር እንጂ ወደ መቃብር ከሚያዘግመው ወገን አልነበረም።

አያ ታረቀኝ ወደ ገዛ ቤታቸው አልሄዱም። ከጎናቸው ወዳለው ደጅ ሄደው፣ በሩ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ታረቀኝ ነህ? ዛሬስ ምነው ቀረህሳ?» አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ። ሌላ ድምፅ ደግሞ ተከተለ፦ «ብቻውን አይደለም። ሌላ ኮቴ አለ፤ የሴት ጫማ ነው።»

ቤቱ ውስጥ ሁለት አሮጊቶች ነበሩ። አልጋው ላይ የተኙት የቤቱ ባለቤት እማ ጌጥነሽ ናቸው፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ወጌሻ አሽቶት ሳይጠገን ቀርቶ፣ ከተኙ ወራት ሆኗቸዋል። ጭናቸው ላይ ነጭ ሰሃን፣ ሰሃኑ ላይ ምላጭ አለ። ከአልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት፣ ኮቴውን የለዩት፣ ጎረቤታቸው እማ ሙሚና ናቸው። እማ ሙሚና ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ጉልበታቸውም ከዚህ ደጅ እስከዚያ ደጅ በግድግዳ ከመዳሰስ አያልፍም።

ዮርዳኖስ ሰሃኑን አየች፣ ምላጩን አየች፣ አያ ታረቀኝን አየች። አያ ታረቀኝ አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ከዚች ልጅ የሚደበቅ ነገር የለም» አሉ። «ንገሯት፣ ይለይልን።»

ነገሩ እንዲህ ኖሯል። ራስ ምታቱና ማዞሩ መጀመሪያ የጀመራቸው እማ ሙሚናን ነው። አያ ታረቀኝ መድኃኒት ሊያመጡላቸው ጤና ጣቢያ ቢሄዱ፣ መድኃኒት ለቀረበ ታካሚ ነው እንጂ በሰው እጅ አይሰጥም ተባሉ።

«ራሷ ትምጣ አሉት!» አሉ እማ ሙሚና እየሳቁ። «ራሷ! ወላሂ፣ ያን ሁሉ መንገድ የሚሄድ ጉልበት ካለኝ ሐኪም ቤት ምን ሊያስኬደኝ ኖሯል?»

አያ ታረቀኝ እዚያው ከቆሙ አይቀር የራሳቸውን ክንድ ሰጡ፤ እሳቸውም ግፊት ተገኘባቸው። ኪኒኑን ተቀብለው መጡ። እማ ሙሚና ራሳቸውን አስረው ተኝተው ሳለ እሳቸው ብቻቸውን ይዋጡት? የማይሆን ነው። እማ ጌጥነሽም ያኔ በእግራቸው ነበሩ፤ ራሳቸውን ያማቸው እንደሆነ ሲጠየቁ «በዚህ ዕድሜ የማያመው ማን አለ?» አሉና ሦስተኛ ሆነው ገቡ። እማ ጌጥነሽ ኪኒኑን በምላጭ ይከፍሉታል፤ ከነጩም ከቢጫውም በየመደቡ ይገባል፣ ቅርጫ ላይ ከጎድኑም ከታፋውም እንደሚገባው። አያ ታረቀኝ የማሽላ ገለባ፣ እማ ጌጥነሽ ቁልፍ፣ እማ ሙሚና ክር የዕጣ ምልክት አድርገው ይሰጣሉ። ዕጣውን የሚጥሉት እማ ሙሚና ናቸው። የማያይን ዓይን ማን ያዳላል ይለዋል?

ዮርዳኖስ ሳታስበው ሳቀች። ወራት ሙሉ ያብሰለሰላት ነገር ይኸው ነው! የመድኃኒቱ ጉልበት ሦስት ቦታ ተቆርሶ ነበር።

«ሳቂ፣ ሳቂ» አሉ አያ ታረቀኝ። «ሙሚና ከልጅነት ጀምራ ጎረቤቴ ናት። ሐዘኔን አዝናለች፣ ልጄን ድራለች። ከቅርጫዬ ግን አንድ ቀን ገብታ አታውቅም፤ የሷ ሥጋ የእስላም፣ የኔ ሥጋ የክርስቲያን። ኪኒን ግን ማን አረደው አይባል! ሃይማኖት የለው፣ ቢላዋ አልነካው። በስተርጅና ባንድ መደብ ብንሰለፍ ምን ክፋት አለው?»

«ክፋት የለውም» አለች ዮርዳኖስ፤ ሳቋ ግን ጠፍቶ ነበር። ቀትር ላይ እንዴት ለሞት እንደቀረቡ ትዝ አላት። ይህ ኪኒን ለአንዱ ያንሳል፣ ለሌላው ይበዛል፤ እኩል ማካፈል የማይሆንበት ነገር ነው። መለኪያዋን አወጣች።

የእማ ሙሚናን ለካች። ግፊቱ ከአያ ታረቀኝም የባሰ ነው፤ እኚህ ሴት እስካሁን በሕይወት መቀመጣቸው ተአምር ነው። የእማ ጌጥነሽን ለካች። እንደገና ለካች። በሌላው ክንድ ለካች።

«እማ ጌጥነሽ፣ እርስዎ ግፊት የለብዎትም። እንዲያውም ዝቅ ያለ ነው። ይህን ኪኒን ከዛሬ ጀምሮ እንዳይነኩት።»

የደስታ ዜና የነገረቻቸው መስሏት ነበር። እማ ጌጥነሽ ግን ፊታቸው ጠቆረ፤ ሰሃኑን ከጭናቸው ገፋ አደረጉት።

«ከመደብ አወጣሽኝ በይኛ።»

«እማዬ፣ ለእርስዎ መድኃኒት አይደለም፤ መርዝ ነው።»

«ሰው ከቅርጫ የሚወጣው ወይ ሲጣላ ነው ወይ ሲሞት ነው። እኔ ከማን ጋር ተጣላሁ?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እነዚህ ሁለቱ ናቸው የቀሩኝ። ልጆቼ ከባሕር ማዶ ናቸው። ቀኑን የማውቀው በዚህ ሰሃን ነው።»

ዮርዳኖስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች። ከእንግዲህ ግፊቱን የምትለካው እዚህ እየመጣች እንደሆነ፣ የእማ ሙሚናን መድኃኒት ለብቻ በስማቸው እንደምታመጣ፣ ኪኒኑን ግን የሚያስቀምጡትና ለየባለቤቱ የሚያድሉት እማ ጌጥነሽ እንደሚሆኑ ነገረቻቸው።

«ስሜነህ ባይፈቅድስ?» አሉ አያ ታረቀኝ። «ወላድ የመጣባችሁ ቀንስ? ትተይናለሽ።»

«ያን ቀን ልቀር እችላለሁ» አለች። መዋሸት አልፈለገችም። «በማግስቱ ግን እመጣለሁ።»

እማ ጌጥነሽ አፍንጫቸውን ጠረጉ። ሰሃኑን መልሰው ሳቡት። ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስል ነበር፤ ዮርዳኖስ ግን መቼ አፏ ያርፋል።

«እማ ጌጥነሽ፣ ዳሌዎን የተሰበሩት እንዴት ነው?»

«ምን እንዴት አለው፣ እርጅና ነው። ከአልጋዬ ብድግ ስል ዓይኔ ላይ ጨለመብኝ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ከዚያ መሬት ላይ ነኝ።»

«መቼ ነበር?»

«ማሽላ ሊዘራ ሲል። ያኔ እንኳ መደቡ ወፈር ያለበት ጊዜ ነበር። ታረቀኝ ‹ዘንድሮስ በሬው ሰባ› እያለ ሲያስቀን።»

ዮርዳኖስ ያን ጊዜ አስታወሰችው። ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነበር፤ የአያ ታረቀኝ ግፊት አልወርድ ሲላት ሁለተኛውን ዓይነት የደረበችው እሷ ናት። በሬውን ያሰባችው እሷ ናት። በልቧ ምነው አፌን በቆረጠው፣ ምነው ባልጠየቅሁ አለች።

አያ ታረቀኝ ከበርጩማቸው ላይ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«እኔም ዛሬ እንዲሁ ጨለመብኝ» አሉ። «ብድግ ስል። ላቡም እንዲሁ።» ወደ ዮርዳኖስ ዞሩ። «ልጄ፣ ጌጤን የጣላት ያመጣሁላት ኪኒን ነው?»

«አያ ታረቀኝ፣ ኪኒኑን ያበዛሁት እኮ እኔ ነኝ» ብላ ጀመረች ዮርዳኖስ።

«ምን ትቀባጥራላችሁ!» አሉ እማ ጌጥነሽ ከአልጋው። እንዲህ ያለ ብርቱ ድምፅ ያላቸው አይመስሉም ነበር። «የምን ኪኒን ነው? ጥጃው ነው ገፍትሮ የጣለኝ። አልነገርኩህም ታረቀኝ? ጋጣውን ሰብሮ ገባና ገፈተረኝ።»

«አሁን እኮ ጨለመብኝ አልሽ፣ ጌጤ።»

«ጥጃው ገፈተረኝና ጨለመብኝ። ሙሚና፣ ንገሪው እንጂ!»

እማ ሙሚና የማያይ ዓይናቸውን ወደ አያ ታረቀኝ ድምፅ አዞሩ።

«አዎ፣ ጥጃው ነው» አሉ። «ወላሂ፣ በዓይኔ በብሌኑ አይቻለሁ።»

አያ ታረቀኝ ሁለቱን ሴቶች በየተራ ተመለከቱ። ከዚያ ኩታቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ማልቀስ ጀመሩ፤ በዚያ ቤት ጥጃ ታስሮ እንደማያውቅ ዮርዳኖስ ያወቀችው ከሳቸው ልቅሶ ነው።